የገፈርሳ ሸክላ፣ የሲሲሊ ሸክላ

ሰበታ፣ መስከረም 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኡዘይር ጀማል፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ በሰው አገር ሰው አያሳጣህ፣ መንገድህን ያቅናልህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ እያልን እማም እኔም ከየሶላቱ በኋላ ዱዓ እናደርግልሃለን። እማ ደህና ናት። የጨርቅ ሱቃችንም አልሐምዱሊላህ ይሠራል። አባባ ወደ አኼራ ከሄደ ወዲህ ጠዋት የምከፍተው እኔ ነኝ፣ ማታ የምዘጋውም እኔው።

ስልክ ስደውል «ቱሪስት ጭኛለሁ፣ በኋላ» እያልክ ስለምትዘጋብኝ ነው በወረቀት የምጽፍልህ። ወረቀት እንደ ስልክ ጆሮ ላይ አይዘጋም።

አጎታችን ሐጂ የህያ ሳይነግሩህ አይቀሩም፤ ባለፈው ሳምንት ሽማግሌ ተልኮብናል። የላከው ሰው ሀሰኖ ይባላል። ቡራዩ ነው የሚኖረው፤ ገፈርሳ ግድቡ አጠገብ ግቢ ተከራይቶ ሸክላ ይሠራል። የአበባ ማስቀመጫ፣ የውኃ ማሰሮ፣ የግቢ ጌጥ። ሱሉልታ አዲስ የተከፈተ ሎጅ አለ፤ ደጁ ላይ የተደረደረው ሁሉ የሱ እጅ ሥራ ነው። የተዋወቅነውም ለሱቁ በር ሁለት ማስቀመጫ አዝዤው ነው። ሲያመጣቸው አንዱ ከንፈሩ ላይ ተሰንጥቆ ነበር፤ እኔ ልብ አላልኩትም፤ ራሱ አሳይቶኝ መልሶ ወሰደው። ይሰግዳል፣ ጫት አያውቅም፣ እናቱን ይጦራል። ወድጄዋለሁ። ለወንድም እንዲህ ማለት ያሳፍራል፤ ግን አባባ የለም፣ ለማን ልንገር?

አሁን ወሊዬ አንተ ነህ። አንተ «ሰጥቻለሁ» ካላልክ ኒካሄን የሚያስር ሼህ የለም። መምጣት እንደማትችል እናውቃለን። ለሐጂ የህያ ውክልና ጽፈህ ከላክ እሳቸው ባንተ ቦታ ተቀምጠው ይድሩኛል። የመስጊዳችን ሼህም ይህ ይበቃል ብለዋል። ከረመዳን በፊት እንዲያልቅ ሽማግሌዎቹ ይፈልጋሉ፤ እኔም እፈልጋለሁ።

መልስህን በጉጉት የምትጠብቅ እህትህ፣
ሚንሃ


ፓሌርሞ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሚንሃ፤

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የእማን ጉልበት ሳሚልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው እንጂ ረስቻችሁ አይደለም። አሁን ሚኒባሷን ለብቻዬ ነው የምነዳት፤ ከመርከብ የሚወርደውን ቱሪስት ተቀብዬ ደሴቱን አዞራለሁ። አስጎብኚዋ ስትናገር አብሬ እየሰማሁ ሲሲሊን ከሰበታ በላይ አወቅኳት ብል አልዋሸሁም።

ሚኑ፣ ያየሁትን ልንገርሽ። የፓሌርሞ ካቴድራል በደቡብ በኩል ያለው መግቢያው በምሰሶ የተሠራ ነው። ከምሰሶዎቹ በአንዱ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ፣ በዐረብኛ የተቀረጸ የቁርኣን አያ አለ! ድሮ እስላሞች ይህችን ደሴት ሲገዙ የሠሩት ነው ይባላል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ጫማዬን ላወልቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። የነገሥታቱ ጸሎት ቤት ደግሞ ግድግዳው በሙሉ ወርቅ ነው፤ ጣሪያው እንጨት ሆኖ እንደ ማር እንጀራ ተቦርቡሯል። ግድግዳው የክርስቲያን ነው፣ ጣሪያውን የሠሩት ግን እስላም አናጢዎች ናቸው። አስጎብኚዋ ምን አለች መሰለሽ፤ «ንጉሡ ባለሙያ ሲያስጠራ የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቅም፣ እጅህ ምን ያውቃል ነበር የሚለው።» መሪውን ይዤ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ዚሳ የሚባል ቤተ መንግሥትም አለ፤ አል-ዐዚዛ ከሚለው የመጣ ስም ነው። አሁን ሙዚየም ሆኗል። በበጋ ውኃ በአዳራሹ መሐል እያለፈ ቤቱን ያቀዘቅዘው ነበር። ሰዉ ደግሞ ሲወድሽ! ገበያ ውስጥ ብርቱካን ልጦ ያጎርስሻል። አንድ ቀን አንቺንና እማን አምጥቼ ባሳያችሁ እላለሁ።

ስለ ጻፍሽልኝ ጉዳይ፣ ትዳር ችኮላ አይወድም። ኢንሻአላህ አስብበታለሁ። እስከዚያው ለሱቁ የሚሆን ጥሩ ጨርቅ ካየሁ እልክልሻለሁ።

ወንድምሽ ኡዘይር


ሰበታ፣ ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኡዘይር፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤና ይስጥህ።

ደብዳቤህን እማ «ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢልኝ» ብላኝ አነበብኩላት። በምሰሶውም በጣሪያውም ማሻአላህ፣ ማሻአላህ ስትል ቆየችና መጨረሻ ላይ «ስላንቺ ነገርስ ምን አለ?» አለችኝ። «ጨርቅ እልካለሁ ብሏል» አልኳት። ጨርቅ ነጋዴ ለሆነች እህት ጨርቅ!

ሽማግሌዎቹ ትናንት ደግመው መጡ። ሀሰኖ የሚሠራበት ግቢ ባለቤት ኦቦ ገመዳ አሉ፤ ጎረቤታችን ጋሽ ወንዳፍራሽም አሉበት። ክርስቲያን ናቸው፤ ግን ልጁን ከልጅነቱ ስለሚያውቁት «እኔ ነኝ ምስክሩ» ብለው ነው የመጡት። ሐጂ የህያ አንገታቸውን ደፍተው «ኡዘይር ገና መልስ አልሰጠንም» ሲሉ ኦቦ ገመዳ «ማል ታኤ? ምን ሆነ? እሺ ለማለት ከሲሲሊ በእግሩ ነው የሚመጣው?» አሉ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ጓዳ ውስጥ ሆኜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ግን አልሳቁም። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ብለው ተነሡ። ሦስተኛ የሚመጡ አይመስለኝም።

ያቺ አስጎብኚ ያለችው ደስ ይላል። አንተስ ምን ትላለህ? ከጻፍኩልህ ይኸው ሁለት ወር አለፈ። እሺ ካልክ ውክልናውን ጻፍ። እንቢ ካልክም እንቢ በል፤ ምክንያቱን ግን ጻፈው። የሃይማኖት ነውር ካየህበት፣ ሰካራም ነው፣ ሌባ ነው ካልክ እሰማሃለሁ። ዝም ማለት ግን አትችልም። ዝምታህ እኔ ላይ ነው የሚቆጠረው፤ ሰፈሩ «ወንድሟ አንድ ነገር ቢያውቅባት ነው» ማለት ጀምሯል።

ሚንሃ


ትራፓኒ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሚንሃ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። ዘገየህብኝ እንደምትዪ አውቃለሁ፤ አፉ በዪኝ። ክረምቱ ሥራ ቀዝቅዞ አለቃዬ ለአዲስ የጉዞ መስመር መንገድ አጥና ብሎኝ ደሴቱን በሙሉ ስዞር ነበር። አሁን የምጽፍልሽ ከትራፓኒ ነው። እዚህ ባሕሩን በመደብ በመደብ ይከፍሉታል፤ ፀሐይና ነፋስ አድርቆት ጨው ይሆናል። የንፋስ ወፍጮዎቹ እስካሁን ቆመዋል፤ አንዱ ውስጥ የጨው ሙዚየም አለ። ማታ ፀሐይ ስትገባ ውኃው ሐምራዊ ይሆናል። ኤትና የሚባለውን እሳተ ገሞራም አየሁት፤ ጫፉ በረዶ፣ አፉ ጭስ፣ ሥሩ ጥቁር አፈር። በዚያ አፈር ላይ ነው ወይኑና ብርቱካኑ የሚያምረው።

ከሁሉ ግን ካልታጂሮኔ! ከተማው ኮረብታ ላይ ነው። መሐሉ ላይ ከመቶ በላይ እርከን ያለው ትልቅ ደረጃ አለ፤ የእያንዳንዱ እርከን ግንባር በልዩ ልዩ የሸክላ ጌጥ ተለብጧል፤ አንዱ አንዱን አይመስልም። የሸክላ ሙዚየም አላቸው፤ ከጥንት ጀምሮ የተሠራ ገንቦ፣ ሳህን፣ የመድኃኒት ማሰሮ በመስተዋት ውስጥ ተቀምጦ ሰው ከንፈሩን እየመጠጠ ያየዋል። አንድ ሽማግሌ ሸክላ ሠሪ ቤት ገባሁ። ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ሙያ ነው። ከተማው በሙሉ «ማኤስትሮ»፣ የሙያ ሊቅ እንደማለት፣ ብሎ ነው የሚጠራቸው፤ ከንቲባው ሳይቀር ቆሞ ሰላም ይላቸዋል አሉኝ። እጃቸውን ጨበጥኳቸው፤ እርጥብ ጭቃቸው መዳፌ ላይ ቀረ። ሰው በሙያው እንዲህ ሲከበር ማየት እንዴት ያኮራል! በራሳቸው ጽዋ ውኃ ቀድተው አጠጡኝ። ትንሽ ገንቦ ገዝቼ ክፍሌ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ ለሚመጣው ሁሉ አሳያለሁ።

ስለዚያ ልጅ ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። እናቱ ድሮ ከተፍኪ እየመጣች ገበያ ላይ ሸክላ ትሸጥ የነበረችው ሴትዮ አይደለችም? ሐጂ የህያም እንደዚያ መሰለኝ ብለውኛል። እንደዚያ ከሆነ ነገሩን ቀስ ብለሽ ብታስቢበት ይሻላል። እኔ እንኳን ምንም አልልም፤ ዘመድ አለ፣ ሰው አለ። ዘር የሚባል ነገር አለ።

እማን ሳሚልኝ።

ኡዘይር


ሰበታ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኡዘይር፤

ሰላምታውን በልቤ ብየዋለሁ፤ እጄ ግን አልጽፍም አለ። ረመዳን ነው፣ ጾመኛ አይቆጣም ይባላል። እንዳልቆጣ ሁለት ቀን ጠበቅኩ። አልሆነም።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ሲሉ እሰማ ነበር። አንተን የሚያህል ግን አላየሁም። በአንድ ወረቀት ላይ፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ ከላይ የሸክላ ሠሪ እጅ ጨበጥኩ ብለህ ትኮራለህ፣ ከታች የሸክላ ሠሪ ልጅ እህቴን አያገባም ትላለህ! መሐሉ ላይ እንኳን ትንሽ አላፈርክም? አንብበህ ነው ያሸግከው ወይስ ሳታነብ?

የሲሲሊው ሽማግሌ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ሙያ ሲኖራቸው ማኤስትሮ ናቸው። የሀሰኖ እናትም ከእናታቸው ከአያታቸው ነው የወረሱት፤ የሳቸው ሲሆን ግን «ዘር የሚባል ነገር አለ» ይሆናል። የሳቸው ማሰሮ መስተዋት ውስጥ ስላልተቀመጠ ነው? ቲኬት ስላልተቆረጠበት ነው? ደግሞ «ሴትዮ» ያልካቸውን እኔ አንቱ ነው የምላቸው። አንተም ትላለህ።

አዎ፣ እሳቸው ናቸው። ከተፍኪ ሸክላ ተሸክመው ሰበታ ገበያ ይመጡ የነበሩት። አንድ ቀን ዝናብ ይዟቸው እኛ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለሉ፤ ውኃ ሲጠይቁ አባባ በጣሳ ሰጣቸው። ጠጥተው ሲመልሱ ጣሳውን በእንጨት አንሥተህ ቦይ ውስጥ የጣልከው አንተ ነህ። ዓይናቸው እያየ። ይህን ማን እንደነገረኝ ታውቃለህ? ራሳቸው ናቸው፤ ለመተዋወቅ ቤታቸው ስሄድ። «የጀማል ልጅ ነሽ? ወንድምሽ ያኔ እንዲህ ያለ ትንሽ ልጅ ነበረ» ብለው እየሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። በሰጡኝ ኩባያ ሻይ ጠጣሁ፤ ደግመው ቀዱልኝ፤ ደገምኩ። ይኸው በሕይወት አለሁ።

«እኔ እንኳን ምንም አልልም፤ ዘመድ አለ፣ ሰው አለ» ትላለህ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! የምትፈራው ዘመድ የትኛው ነው? ስሙን ጻፍልኝ፣ ሄጄ አነጋግረዋለሁ። ከሐጂ የህያ በስተቀር ቤታችንን ያንኳኳ ዘመድ አላየሁም፤ እማም ብትሆን «ወንድምሽ ያለው ይሁን» ከማለት ሌላ ቃል የላትም።

ስለ ደሴቲቱ ከእንግዲህ አትጻፍልኝ። ጨውም፣ እሳተ ገሞራም፣ ደረጃም አልፈልግም። አንድ መስመር ጻፍ፤ ሰጥቻለሁ ወይም አልሰጥም በል። ሼሁ ይህን ጠይቂው ብለውኛል።

ሚንሃ ጀማል


ፓሌርሞ፣ መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሚንሃ፤

አልሰጥም።

አንድ መስመር ብለሽ ነበር፤ ይኸው። አሁን ደግሞ ያንቺን ሁለት ገጽ ስድብ እንደሰማሁ የኔንም ስሚ።

ማኤስትሮ ምናምን እያልሽ ታሾፊብኛለሽ። እዚህ የሚሠሩት ሸክላ ምን እንደሆነ ግን አልጻፍኩልሽም። በየሰገነቱ፣ በየሱቁ መስኮት የጥቁር ሰው ራስ አለ። የአበባ ማስቀመጫ ነው። ጥንት አንዲት ልጅ ጥቁር ወዳጅ ነበራት፣ ባለትዳር መሆኑን ስታውቅ ተኝቶ ሳለ አንገቱን ቆርጣ ራሱ ውስጥ በሶብላ ተከለች፤ ጎረቤቱ የበሶብላውን ማማር ሲያይ ቀንቶ በሸክላ አሠራ ይላል ተረቱ። አስጎብኚዋ ይህን በየቀኑ ትናገራለች። በየቀኑ ከቱሪስቱ አንዱ ወደ ማሰሮው ያይና ወደኔ ያያል፣ ከዚያ ይስቃል። አንዱ ከጎኑ አቁሞ ፎቶ አንሥቶኛል። እኔም ሳቅሁ፤ ካልሳቅሁ ጉርሻ የለም። እንደዚያ ነው የምኖረው። ብርቱካን ልጦ ያጎርስሻል ያልኩት እውነት ነው፤ ስሜን የሚጠራ ግን የለም። «ሾፌር» ነኝ፤ ሲከፋቸው ደግሞ ሌላ ስም አላቸው።

የጀማል ልጅ የምባለው ሰበታ ላይ ብቻ ነው። ሰው በአገሩ፣ ሰው በወንዙ። እዚያ ስሜ ንጹሕ ሆኖ እንደሚጠብቀኝ እያሰብኩ ነው የማድረው። አንድ ቀን ስመለስ «እህቱ ለሸክላ ሠሪ ተሰጠች» እንዲባል አልፈልግም። ሰዉ ምን እንደሚል አንቺም ታውቂያለሽ። ቡዳ ይላሉ። ልጆችሽን ማንም አያገባቸውም። አባባ ቢኖር ይህን አያደርግም ነበር፤ ያንን ጣሳ ጣል ያለኝም እሱ ነው። ትክክል ነው አይደለም አላውቅም፤ ግን ያደግንበት ነው።

ለሼሁ ንገሪ። ወሊይ እኔ ነኝ፤ አልሰጥም። እማንም ጠይቂያት፤ ከኔ ቃል አትወጣም።

ኡዘይር


ቡራዩ፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኡዘይር፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ከሰበታ ሳይሆን ከቡራዩ እንደምጽፍልህ ከላይ አይተሃል።

የላክኸውን ወረቀት ለሼሁ ሰጠኋቸው። አንብበው ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ቃዲ ይዘውኝ ሄዱ። ሐጂ የህያም ተጠርተው መጡ። ቃዲው ጠየቁ፤ «ወንድምየው ሃይማኖቱን ነቅፏል?» አልነቀፈም። «ጠባዩን?» አልነቀፈም። «ታዲያ ምኑን ነው የነቀፈው?» ሐጂ የህያ ማፈራቸው አልቀረም፣ ቀስ ብለው «ጭቃውን» አሉ። ቃዲው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ያለ በቂ ምክንያት የከለከለ ወሊይ ቦታውን ለቋል፤ ማነው የሚድራት?» አሉ። ሐጂ የህያን አየኋቸው። «እኔ ከኡዘይር ጋር አልጣላም» ብለው መሬት መሬት አዩ። ስለዚህ የዳሩኝ ቃዲው ናቸው። አባቴም፣ ወንድሜም፣ አጎቴም አይደሉም፤ የማላውቃቸው ሰው። ከዒድ በኋላ፣ በሚያዝያ ታሰረልኝ። የጥሎሽ መህሩንም እኔው ወስኜ እኔው ተቀበልኩ። ኦቦ ገመዳ «ሚንሃ ኬኛ! የኛ ሚንሃ!» እያሉ ግቢውን በጭብጨባ ሞሉት። ጋሽ ወንዳፍራሽ በግ ይዘው መጡ፤ የኛ ሰው ባርኮ አረደው።

ስለ ጥቁሩ ሰው ራስ የጻፍከውን አንብቤ ብቻዬን ሆኜ አልቅሻለሁ። ፎቶ ያነሣህን ሰው ባገኘው በጥፊ ነበር የምለው። ይህን ሁሉ ጊዜ ስለ ወርቁ ግድግዳ ከምትጽፍልኝ ይህን ብትጽፍልኝ ኖሮ! ግን ኡዘይር፣ አንተ በሰው ዓይን ማሰሮ ሆነህ ቆመህ ስትዋረድ የሚያመውን ታውቃለህ። እያወቅክ ሌላውን ታቆማለህ። ያላወቀ ቢያደርገው ይቅር እላለሁ፤ አንተን ግን ይቅር ለማለት እስካሁን አልቻልኩም። እየሞከርኩ ነው ብዬ አልዋሽህም።

ሆዴ ውስጥ የቀረው ይህ ብቻ ቢሆን ደብዳቤም አልጽፍልህም ነበር። የእማ ነገር ነው። በሠርጌ ቀን አልመጣችም። ጠዋት አለበስኳት፣ ሻሿን አሰርኩላት፣ መኪና በር ላይ ቆመ። ከዚያ ሶፋው ላይ ቁጭ አለችና «ኡዘይር እንቢ ያለበት ቤት አልገባም» አለች። እጇን ሳብኩ፣ እግሯ ላይ ወደቅኩ። አቅፋ ሳመችኝ፣ አለቀሰች፣ አልተነሣችም። ያለ እናት ወጣሁ። አማቴ ደጅ ላይ ቆመው ሲጠብቋት ነበር፤ ምንጣፍ አንጥፈው፣ ሰው ሁሉ እያየ። መኪናው ያለ እሷ ሲደርስ «ደክሟቸው ይሆናል» አሉና ምንጣፉን ራሳቸው አጠፉት።

እስካሁን ቤቴን አላየችም። ሀሰኖ ጁምዓ ጁምዓ ሰበታ ሄዶ ይጠይቃታል፤ ሱቁ በር ላይ ቆማ ታናግረዋለች፣ ደህና ነህ ልጄ ትለዋለች፣ ግባ ግን አትለውም። እሱ ሰላም ብሏት ይመለሳል። እኔ ነኝ እየነደድኩ ያለሁት። አልጠላችውም፣ አውቃታለሁ። አንተን ነው የምትጠብቀው። የወንድ ልጇን ቃል አልሰብርም ብላ ሴት ልጇን ሳታይ ትሞታለች።

ለኒካሄ ያንተ ቃል አላስፈለገም። ለእናቴ ግን ያስፈልጋል፤ ይህ ነው የሚያቃጥለኝ፣ አሁንም አንተን መለመኔ። እኔን አትመርቀኝ። ሀሰኖን ወንድሜ አትበለው። ለእኔም አትመልስልኝ። ለእማ ግን ደውልላት። «ሚንሃ ቤት ሂጂ፣ እዚያ ብዪ፣ እዚያ ጠጪ» በላት። ከአንተ አፍ ካልሰማች አትመጣም።

ሚንሃ ጀማል፣
የሸክላ ሠሪው የሀሰኖ ሚስት